የግንቡ ቁልፍ

ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ድረስ አንገቴ ላይ በጥቁር ክር የታሰረ ቁልፍ ይዤ ኖሬአለሁ። የቤታችን ቁልፍ ነው። እማዬ ሰው ቤት እንጀራ ለመጋገር በጠዋት ትወጣለች። እኔ ለታናሽ ወንድሜ ቁርሱን አቀርባለሁ፤ መድኃኒቱን ሲውጥ ቆሜ አያለሁ፤ ከዚያ በሩን ከውጭ ቆልፌ ወደ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። በምሳ ሰዓት እየሮጥኩ እመለስና እከፍታለሁ። አብረን እንበላለን። እንደገና እቆልፋለሁ።

ለምን እንደምንቆልፍበት ልንገራችሁ፤ ሳትሰሙ አትፍረዱብን።

ወንድሜን በዘጠኝ ዓመቱ የሚጥል በሽታ ጀመረው። መጀመሪያ የወደቀው ትምህርት ቤት፣ የጠዋት ሰልፍ ላይ ነው። ልጆቹ ሸሹ። አንዱ ክብሪት ጭሮ አሸተተው። ሌላው ደግሞ «እንዳትነኩት፣ ይጋባል!» እያለ ሰው ሁሉ እንዳይቀርበው ከለከለ። ሁለተኛው ጊዜ ቤት ውስጥ ነበር። እማዬ ቡና አፍልታ ስኒ ልታመጣ ዞር ስትል የከሰል ምድጃው ላይ ወደቀ። የግራ ክንዱ ከእጅ አንጓው እስከ ክርኑ ተቃጠለ። የዚያን ቀን ሽታ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልጠፋም።

ከዚያ በኋላ ምድጃውን ደበቅን። ክብሪቱን ደበቅን። ቢላዋውን ደበቅን። በመጨረሻ ልጁን ደበቅነው። ትምህርት ቤቱም «እስኪሻለው ቤት ይቆይ» ብሎን ስለነበር የሚጠይቀን አልነበረም። እማዬ ክፉ አልነበረችም። ልጇን በእሳት ላይ ያየች እናት ነበረች።

በሁለተኛው ዓመት አጎታችን ልጅ ወደ ውጭ ሲሄድ አሮጌ ላፕቶፑን ትቶልን ሄደ። ውስጡ ካሉት ጨዋታዎች አንዱ «ድራገን ኤጅ፦ ኦሪጂንስ» የሚባል ነበር። ባዮዌር የተባለ የካናዳ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ነው። ከሌሎች ጨዋታዎች የሚለየው ወሬው መብዛቱ ነው፤ ከመዋጋት ይልቅ ስታነቡ፣ ስትጠይቁ፣ ስትመርጡ ትውላላችሁ። ምርጫችሁም ከሰዓታት በኋላ ዞሮ ይመጣባችኋል። ወንድሜ ቀኑን ሙሉ ብቻውን ስለሚውል መዝገበ ቃላት ይዞ አንድ በአንድ ይተረጉመው ነበር። እንግሊዝኛውን ያስተማረው ይኸው ጨዋታ ነው ብል አላጋነንኩም። ማታ ማታ እኔ አጠገቡ እቀመጣለሁ፤ እሱ እየተረጎመ ይነግረኛል፤ ሁለታችን እንከራከራለን።

አንዳንዶቻችሁ እዚህ ላይ «አስማት ያለበትን ጨዋታ ክርስቲያን ይጫወታል ወይ?» ትሉ ይሆናል። እማዬም ጠይቃናለች፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ዘዳግም ምዕራፍ 18 የሚከለክለው ሰው እግዚአብሔርን ትቶ ወደ መናፍስትና ወደ ሙታን ጠሪዎች ሄዶ ኃይልና ምስጢር መፈለግን ነው። ይህ ሰው የሚመርጠው መንገድ ነው። ጨዋታው ውስጥ ያለው ግን ሌላ ነገር ነው። ቴዳስ በምትባለው በዚያች ምናባዊ ምድር አስማት ሰው ፈልጎ የሚያገኘው ነገር አይደለም፤ አብሮት ይወለዳል። ልጁ ሲያድግ አንድ ቀን ሳያስበው ከእጁ እሳት ይወጣል። አልመረጠውም፣ አልጠየቀውም። ስለዚህ ጨዋታው የሚያነሣው ጥያቄ «አስማት መልካም ነው ወይ?» የሚል ሳይሆን «ሳይመርጥ የሚያስፈራ ነገር ይዞ የተወለደን ሰው ምን እናድርገው?» የሚል ሆኖ አገኘሁት። ይህ ደግሞ የቤታችን ጥያቄ ነበር።

የቴዳስ መልስ ግንብ ነው። ቻንትሪ የሚባለው የዚያ ዓለም የሃይማኖት ተቋም ቴምፕላር የሚባሉ ወታደሮች አሉት። አስማት የታየበት ልጅ ከወላጆቹ ተወስዶ «ሰርክል» ወደሚባለው ግንብ ይገባል። እንዳይጠፋ ደሙ በትንሽ ብልቃጥ ይቀመጣል፤ ቢያመልጥ ቴምፕላሮቹ በዚያ ደም እየተመሩ ያገኙታል። ግንቡ ውስጥ ምግብ አለ፣ መጽሐፍ አለ፣ አስተማሪ አለ። በሩ ግን ከውጭ ነው የሚቆለፈው።

ጨዋታውን ስትጀምሩ ከስድስት ጅማሬዎች አንዱን ትመርጣላችሁ፤ የመኳንንት ልጅ መሆን ትችላላችሁ፣ ከተማ ውስጥ የሚኖር ድኻም መሆን ትችላላችሁ። ወንድሜ ግንቡ ውስጥ ያደገውን ልጅ መረጠ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁትም።

እኔ ከቴምፕላሮቹ ጋር ነበርኩ። ክርክሬም ደካማ አልነበረም። አስማተኞቹ ሲተኙ መንፈሳቸው ወደ ሕልም ዓለም ነቅቶ ይገባል፤ እዚያ ያሉ አጋንንት ደግሞ በእነሱ በኩል ወደዚህ ዓለም መግባት ይፈልጋሉ። አንዱ ቢሸነፍ በአንድ ሌሊት መንደር ይጠፋል። «አደጋው እኮ ወሬ አይደለም፣ እውነት ነው» እለዋለሁ። በሰሜን ደግሞ ቴቪንተር የምትባል አገር አለች፤ እዚያ አስማተኞቹ ራሳቸው ይገዛሉ፣ ባሪያ ይይዛሉ። «በራቸው ሲከፈት ይኸው!» እለዋለሁ።

«እቱ፣ የቴቪንተር ጌቶች የከፉት አስማት ስላላቸው ነው ወይስ የሚጠይቃቸው ስለሌለ?» አለኝ አንድ ማታ። «የሚጠይቀው የሌለው ቴምፕላርስ አይከፋም?»

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው እንግዲህ። መልስ ስላጣሁ ወደ መኝታህ ሂድ አልኩት።

ከሁሉ በላይ ያከራከረን ግን ፈተናው ነበር። ግንቡ ውስጥ ያደገ ተማሪ አንድ ሌሊት ሳይነገረው ከእንቅልፉ ይቀሰቀሳል። ወደ ላይኛው ፎቅ ይወስዱትና ወደ ሕልም ዓለም ይልኩታል፤ እዚያ ጋኔን ይጠብቀዋል። ካሸነፈ ሙሉ አስማተኛ ይባላል። ከተሸነፈ ወይም ከዘገየ፣ አካሉ በተኛበት ቦታ ዙሪያውን የቆሙት ቴምፕላሮች ሰይፋቸውን መዘው ይጠብቁታል።

የወንድሜ ገጸ ባሕርይ ፈተናው ውስጥ ሲገባ «አይጥ» የሚሉት አንድ ፍጡር አገኘ። ከእሱ በፊት ተፈትኖ የወደቀ ተማሪ ነኝ አለው። አዘነለት፣ መንገድ አሳየው፣ አብሮት ሄደ። እሳት የሚተፋ አስፈሪ ጋኔን መጣና ሁለቱ ሆነው አሸነፉት። ከዚያ «አይጥ» በለሰለሰ ድምፅ፣ «አሁን ልታወጣኝ ትችላለህ፤ ዝም ብለህ ብቻ ግባ በለኝ» አለ። እውነተኛው ፈተና ይህ ነበር። የሚያስፈራው ሳይሆን የሚያሳዝነው፣ ጠላት የሚመስለው ሳይሆን ወዳጅ የሚመስለው። ወንድሜ ሳይሸነፍ ወጣ፤ እኔ ግን ብሆን ኖሮ እሺ እለው ነበር።

በዚህ ፈተና ውስጥ ጥበብ እንዳለ ሁለታችንም ተስማማን። ሰው ራሱን ሳያውቅ ኃይል ይዞ መውጣት የለበትም። ወንድሜ የተቃወመው ሌላ ነገር ነው። «ለምን አስቀድመው አይነግሩትም? ለምን ሰይፍ መዘው ይቆማሉ? መምህርም ይፈትናል እኮ፤ ግን ተማሪው እንዲያልፍ ነው የሚፈልገው።» እምቢ ያለ ወይም ደካማ ነው የተባለ ተማሪ ደግሞ ሌላ ዕጣ አለው። ከሕልም ዓለም ይቆርጡትና ከአስማቱ ጋር ስሜቱ አብሮ ይጠፋል። አያዝንም፣ አይደሰትም፣ አይቆጣም። «የረጋ» ማለት በሚሆን ስም ይጠሩታል። የግንቡን ዕቃ ቤት የሚጠብቀው ከእነዚህ አንዱ ነው። ወንድሜ ከዚያ ሰው ጋር ያለውን ንግግር ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ከፈተው። ከዚያ ላፕቶፑን ዘጋው።

ግንቡ ውስጥ ዓመፅ የተነሣ ዕለት ምርጫውን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ያን ማታ መጫወት የእኔ ተራ ነበር። ኡልድሬድ የሚባል አስማተኛ ከተከታዮቹ ጋር ዐምፆ አጋንንት ግንቡን ሞልተውታል። የቴምፕላሮቹ አለቃ ግሬጎር በሩን ቆልፎ ውጭ ቆሟል፤ ውስጥ ያሉትን ሁሉ ለመግደል ፈቃድ እንዲመጣለት ልኳል። ዐመፁም አላመፁም ሁሉንም። ገብታችሁ እንድታዩ ይፈቅድላችኋል፤ በሩን ግን ከኋላችሁ ይቆልፈዋል። ገና እንደገባችሁ ዊን የምትባል አረጋዊት አስማተኛ ታገኛላችሁ። የብርሃን አጥር ዘርግታ ከኋላዋ ያሉትን ተማሪዎችና ሕፃናት እየጠበቀች ነው። የመጣችሁት ለምን እንደሆነ ትጠይቃችኋለች።

እኔ ከግሬጎር ጋር ነኝ የሚለውን መልስ መረጥኩ። አንድ ጊዜ ያየሁት እሳት ይበቃኛል ብዬ ነው። ዊን ከልጆቹ ፊት ቆማ ተዋጋችን፤ ሞተች። ወንድሜ ምንም አላለም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሬድክሊፍ የምትባል መንደር ደረስን። ሌሊት ሌሊት ሙታን እየተነሡ መንደሩን ያጠፋሉ። ወደ ቤተ መንግሥቱ ስንገባ ምክንያቱ ታወቀ፤ ኮነር የሚባል የመስፍኑ ልጅ፣ ትንሽ ልጅ፣ ጋኔን ይዞታል። አባቱ በጠና ሲታመም እንዲድንለት ብሎ ከጋኔን ጋር ስምምነት አድርጎ ነው።

«አየህ?» አልኩት። «ግንብ ያልገባ ልጅ መንደር ሲጨርስ አየህ?»

«ለምን አልገባም?» አለኝ።

አነበብነው። እናቱ ኢዞልድ ልጇ አስማት እንዳለው ታውቃለች። ብትናገር ቴምፕላሮቹ ይወስዱባታል። ስለዚህ ለማንም ሳትናገር፣ ለባልዋ እንኳ ሳትነግር፣ ደበቀችው። በቂ ዕውቀት የሌለው አንድ ሸሽቶ የወጣ አስማተኛ በምስጢር ቀጠረችለት፤ ያም ሰው ባሏን የመረዘ ሆኖ ተገኘ። ልጁ ሲጨንቀው የሚጠይቀው ሰው ስላልነበረው ጋኔኑን ጠየቀ።

ልጁን ለማዳን ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ከግንቡ አስማተኞች እርዳታ መጠየቅ ነበር። እኛ ግን ግንቡን አስጨርሰናል። የሚረዳን አስማተኛ አልተረፈም። የቀረን ወይ ልጁን መግደል፣ ወይ እናቱ ራሷን ለደም አስማት መሥዋዕት አድርጋ መስጠት ነበር። ምርጫው ስክሪኑ ላይ ቆሞ እየጠበቀን ወንድሜ እጁን ከላፕቶፑ ላይ አነሣ።

«እቱ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ለእማዬ ግን እንዳትነግሪ።»

ከሰባት ወር ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ይነሣበት ነበር። በሳምንት አንዴ፣ አንዳንዴ ሁለቴ። ጠዋት ምላሱ ተነክሶ፣ ትራሱ ደም ነክቶት ይነቃል። እኔ እስክነሣ ድረስ የትራሱን ጨርቅ ያጥበዋል፤ ካልደረቀ ገልብጦ ያነጥፈዋል። እኔ ከጎኑ ባለው አልጋ ላይ ተኝቼ አልሰማሁትም። ለምን እንዳልነገረን ስጠይቀው እንደ ሞኝ አየኝ። «ከተነሣብኝ አትከፍቱልኝማ» አለ። እማዬ «ስድስት ወር ሳይነሣብህ ከቆየህ ትምህርት ቤት ትመለሳለህ» ብላው ነበር። ስድስት ወሩን እየቆጠረ ነበር።

በየወሩ ለክትትል ስንሄድ የሚነሣበትን ቀን የምንጽፍበት ደብተር ነበረን። የምጽፈው እኔ ነኝ። ሰባት ወር ሙሉ በየገጹ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ «ምንም የለም» ብዬ ጽፌያለሁ። ሐኪሟም ያንን እያየች መድኃኒቱ ሠርቷል ብላ መጠኑን እንዳለ ትታዋለች። ቁልፉ እኔ ጋ፣ ደብተሩ እኔ ጋ፤ እውነቱ ግን ትራሱ ሥር ነበር።

ያን ሌሊት ቃሌን አልጠበቅሁም፤ ለእማዬ ነገርኳት። አለቀሰች። በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሟ ደብተሩን ዘግታ ወንድሜን ራሱን ጠየቀችው፤ ከዚያ በፊት የምትጠይቀው እኛን ነበር። የመድኃኒቱን መጠንና የሚወስድበትን ሰዓት ቀየረች። ቤት ውስጥ እንደሚቆለፍበት ስትሰማ ግን ብዕሯን አስቀመጠች። «ከውጭ ተቆልፎ ሳለ ቢነሣበት ማን ነው የሚገባለት?» አለች።

ይህን ለሁለት ዓመት ተኩል አስበነው አናውቅም ነበር።

ከዚያ ሕጉን ነገረችን። አለ እንጂ ሕግ! ብቻውን እሳት አጠገብ አይሁን። ብቻውን አይዋኝ። ከፍታ ላይ አይውጣ። መድኃኒቱን አንድ ቀን እንኳ እንዳይዘል፤ እንቅልፍ እንዳያጣ። ሲጥለው በጎኑ አስተኙት፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉለት፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፤ አምስት ደቂቃ ካለፈው ወደ ሐኪም አምጡት። ሲታጠብ በሩን ከውስጥ እንዳይቆልፍ። የእሷ ሕግ በሙሉ ሰው አጠገቡ እንዲኖር የሚያደርግ ነበር። የእኛ ሕግ ሰው ከእሱ እንዲርቅ የሚያደርግ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዘሌዋውያን 13ን ሳነብ በሌላ ዓይን ነው። ድሮ እንደ ቴምፕላሮቹ ሕግ ይመስለኝ ነበር፤ ሰው ቆዳው ላይ ምልክት ታየበትና ተዘጋበት፣ አለቀ። ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ካህኑ ያየዋል። ካልለየለት ሰባት ቀን ይዘጋበታል፤ በሰባተኛው ቀን ካህኑ ራሱ እንደገና ያየዋል። አሁንም ካልለየለት ሌላ ሰባት ቀን። ከዚያ ምልክቱ ካልሰፋ ንጹሕ ነህ ይለዋል። ለምጻም የተባለውም ከሰፈር ውጭ የሚቀመጠው ደዌው እስካለበት ዘመን ነው። ምዕራፍ 14 ደግሞ ሲጀምር ካህኑ ከሰፈር ወደ ውጭ ይወጣል፤ በሽተኛው ድኖ እንደሆነ ለማየት የሚሄደው እሱ ነው። የመመለሻው ሥርዓት ረጅም ነው፤ ድኻ ለሆነው ዋጋው የቀነሰ መሥዋዕት እንኳ ተዘጋጅቶለታል። አደጋ አይናቅም፤ ምርመራ አለ፤ መለየትም አለ። ግን ቀን ተቆርጦለታል፣ የሚመለስ መርማሪ አለው፣ የመመለሻ በር አለው። የቴዳስ ግንብ ምዕራፍ 13ን ይዞ ምዕራፍ 14ን የጣለ ነው። የእኛም ቤት እንደዚያ ነበር።

ሌላም ልንገራችሁ። ማርቆስ 9 ላይ ያለውን፣ ብዙ ጊዜ እሳትና ውኃ ውስጥ የሚጥለውን ልጅ ታሪክ ሰው ሁሉ ለወንድሜ ያነብለት ነበር፤ «አንተም ጋኔን አለብህ» ለማለት። ማቴዎስ 4፥24 ግን አጋንንት ያደሩባቸውንና በጨረቃ የሚነሣባቸውን ለየብቻ ይጠራቸዋል። የሚወድቅ ሁሉ ጋኔን ያለበት ነው ማለት አይደለም። የማርቆሱን ታሪክ ራሱንም ስታነቡ ጌታ መጀመሪያ ያደረገው መጠየቅ ነው፤ ይህ ከያዘው ምን ያህል ዘመን ሆነው ብሎ አባቱን ጠየቀው። መጨረሻ ያደረገው ደግሞ እጁን ይዞ ማስነሣት ነው። ሕዝቡ ሞቷል ሲል እሱ እጁን ያዘው። እኛ ሰፈር ማንም እንዳይነካው የተባለው ልጅ ይህን ክፍል ሲሰማ ከሁሉ የወደደው ያንን ነበር፤ መነካቱን።

እንግዲህ ግንቡ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም? ዛሬ ብትጠይቁኝ እንዲህ እላለሁ። መፈተን ተገቢ ነው። ኃይል ያለው ሰው፣ የሚያስፈራ ድካም ያለበትም ሰው፣ ራሱን ማወቅ አለበት፤ የሚያውቁትም ሰዎች አጠገቡ መኖር አለባቸው። ወሰን ማበጀትም ተገቢ ነው። ኡልድሬድን የመሰለውን፣ ያደረገውን ያደረገውን፣ ማሰርም ተገቢ ነው። ተገቢ ያልሆነው ሰውን ባደረገው ሳይሆን በሆነው ማሰር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው በሁለተኛው ክፍል አንደርስ የሚባል ከግንብ የሸሸ አስማተኛ የኪርክዎልን ቻንትሪ ያፈነዳል፤ የቴምፕላሮቹ አዛዥ ሜረዲት ደግሞ ያፈነዳውን ትታ እጃቸው የሌለበትን የግንቡን አስማተኞች በሙሉ እንዲገደሉ ታዛለች። ያን ክፍል ስንጫወት ወንድሜም እኔም ወደ ምርጫው ስንደርስ አልተከራከርንም።

ከጽድቁ ሌላ ደግሞ ግንቡ ሥራውን አይሠራም። ይህን ያስተማረኝ ትራሱ ነው። እውነት መናገር በር የሚያስቆልፍ ከሆነ ሰው እውነት አይናገርም። የተደበቀ ደግሞ አይታከምም፣ አይማርም፣ አይጠነቀቅም። ኢዞልድ ልጇን የደበቀችው ግንቡ ስላልነበረ አይደለም፤ ስለነበረ ነው።

በሩ ሲከፈት ሁሉ ነገር አማረ ብዬ ግን አልዋሻችሁም። ትምህርት ቤት በተመለሰ በአራተኛው ወር መንገድ ዳር ወደቀና ቅንድቡ ተሰነጠቀ። ተሰፋለት። አብሮት የነበረው ልጅ ያስተማርነውን አስታውሶ በጎኑ አስተኝቶት፣ ጃኬቱን ከራሱ ሥር አድርጎለት፣ እስኪነቃ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር። ያን ማታ እማዬ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቁልፍ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችው። ምን እንደምታስብ አውቃለሁ፤ እኔም ያንኑ እያሰብኩ ነበር። አንድ ቀን ደግሞ ከዚህ የከፋ ሊመጣ ይችላል። በሩን ክፍት መተው ዋጋ አለው፤ ዋጋውን ሁልጊዜ የምትከፍለው ደግሞ እናት ናት። ጠዋት ግን ወንድሜ ቦርሳውን ሲያነሣ «ቀስ ብለህ ሂድ» ብቻ አለችው።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ስለ ጨዋታ ብቻ ብሎ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የወጣቶች ኮሚቴ ውስጥ አገለግል ነበር። ከዘማሪዎቻችን አንዱ ብቻውን ሲታገለው የኖረውን ነገር በራሱ ፈቃድ፣ ማንም ሳይዘው፣ መጥቶ ነገረን። ተሰበሰብን፤ ከአገልግሎት ይታገድ አልን። እስከ መቼ እንደሆነ አልተናገርንም። ማን እየሄደ እንደሚጠይቀውም አልወሰንንም። እጄን አውጥቼ ደግፌያለሁ። ሲዘምር ያደግን ልጅ ነበር፤ ከሁለት ወር በኋላ መምጣት አቆመ። እሱን ፍለጋ ማናችንም አልሄድንም።

ጥፋት አይታይ፣ ወሰን አይኑር አልልም። የተጎዳ ሰው ካለ መጀመሪያ የሚጠበቀው የተጎዳው ነው፤ በዚያ ላይ ድርድር የለም። ያ ልጅ ግን የጎዳው ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ በጸሎት ሰዓት «ለምን እንጸልይላችሁ?» ስንባል የሚመጣው መልስ ለፈተና፣ ለሥራ፣ ለቤተሰብ ጤንነት ብቻ ሆነ። የጸሎት ርዕስ የሚጻፍበት ደብተር ነበረን። ያን ዓመት ገልጬ ሳየው የራሴን የእጅ ጽሑፍ አወቅሁት፤ በወንድሜ ደብተር ላይ በየወሩ የጻፍኩትን «ምንም የለም» መሰለኝ። ስንቱ ወጣት በዚያ ጊዜ በሌሊት ትራሱን ሲያጥብ እንደነበር እግዚአብሔር ያውቃል።

ዘንድሮ ያን ልጅ ፈልጌ አገኘሁት። ይቅርታ ጠየቅሁት። ወዲያው አልተመለሰም፤ እንደ ተረት አልሆነም። ቡና ግን አብረን ጠጣን፤ ስልኬንም ያነሣል።

ወንድሜ አሁን ጎልማሳ ሆኗል። መድኃኒቱን ይወስዳል፤ ከወደቀ ሁለት ዓመት አልፎታል። ባለፈው ገና ያን አሮጌ ጨዋታ እንደ ድሮው አብረን ከፈትነው። ግሬጎር በሩን ከኋላችን ቆለፈው። ዊን ከልጆቹ ፊት ቆማ ለምን እንደመጣን ጠየቀችን። ወንድሜ ማውሱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

«ያንቺ ተራ ነው» አለኝ።

አብረናት ገባን። ከግንቡ ስንወጣ በሕይወት የተረፉት ብዙ አልነበሩም። ሬድክሊፍ ስንደርስ ግን ኮነርን ለማዳን የሚመጡ ሰዎች ነበሩ።

ቁልፉ አሁንም እማዬ ቤት ግድግዳ ላይ፣ በዚያው ጥቁር ክር እንደታሰረ አለ። በሩ ከተቀየረ ቆይቷል፤ የሚከፍተው ነገር የለም። እማዬ ለምን እንደማትጥለው አንድ ቀን ጠየቅኋት። «ፈርቼ እንደነበር እንዳልረሳ ነው» አለችኝ።